እታለምን ወደ ፊስቱላ ሆስፒታል ስወስዳት ያየሁት

ይህን የምጽፈው በቤተሰቡ ወይም በጎረቤቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ሴት ላለችው ሰው ነው። ብዙ ሰው «እኛ ጋ እንዲህ ያለ የለም» ይላል። ስለማይወራ ነው። ሠርግ ላይ የማትታይ፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ «እግዜር ያጥናችሁ» ብላ ቶሎ የምትመለስ፣ ቡና ጠጪ ስትባል ሰበብ የማታጣ ሴት ካለች እስቲ አንድ ጊዜ ልብ በሏት።

የእኔዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ስሟን መጻፍ ስለማልፈልግ ቤት ውስጥ እንደምጠራት እታለም ልበላት። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እሷ ያለችበት ቀበሌ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ተኪዶ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱን በእግር ነው። በክረምት ባጃጁም የለም።

ምጥ የጀመራት ሐሙስ ማታ ነው። የበኩር ልጇ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ ይቆያል ተባለና ተጠበቀ። ዓርብ እንዲሁ ዋለች፣ አደረች። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አወረዷት። ከጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላከች። ልጁ ሞቶ ወጣ። እሷ ተረፈች፤ ተመስገን ተባለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ፍራሹ መርጠብ ጀመረ። ደረቅ ጨርቅ ቢነጠፍላት ወዲያው ይርሳል። ብትቀመጥም፣ ብትተኛም፣ ብትቆምም ሽንቱ አልቆም አለ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በኋላ ሐኪሞቹ አስረድተውኛል። የሕፃኑ ጭንቅላት ማለፍ አቅቶት ለረጅም ሰዓት ሲቆይ፣ በእናቲቱ የዳሌ አጥንትና በሕፃኑ ጭንቅላት መካከል ያለው ሥጋ ይጨፈለቃል። ደም አይደርሰውም። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላም ተልጦ ይወድቃል። ያኔ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። አንዳንዷ ላይ በሰገራ መውጫ በኩልም ይከፈትና ሰገራም መቆጣጠር ያቅታታል። ፊስቱላ ማለት ይኸው ነው። ቡዳ አይደለም፣ የሰው ዓይን አይደለም፣ የእርግማን ውጤትም አይደለም። ሽንቱ ከወሊዱ ቀናት ዘግይቶ ስለሚጀምር ግን ሰው ከምጡ ጋር አያገናኘውም። እታለም ሰፈርም «ሆስፒታል ሄዳ ነው ይህን ይዛ የመጣችው» ተብሎ ነበር። ይህ ወሬ የብዙ ሴት ምጥ ቤት ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጋል። «ሆስፒታል በጊዜ ብትደርስ ኖሮ ይህ አይደርስባትም ነበር» ያለ ግን የለም።

ከዚህ ሌላ ምንም ባታነብቡ ይህቺን ያዙልኝ፦ አንዲት ሴት ከከባድ ምጥ በኋላ ሽንቷ ማምለጥ ከጀመረ ያኔውኑ ተመልሳ ትሂድ። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነና ቶሎ ከተደረሰበት፣ የሽንት ቱቦ ተደርጎላት ለሳምንታት ሲቆይ ያለ ኦፕራሲዮን ሊገጥም ይችላል። እታለምን እናቷ መልሳ ወስዳት ነበር። «ገና አራስ ናት፣ ጊዜ ሲያልፍ ይተዋታል» ተብላ ተመለሰች። የት እንደተባለች አልጽፍም። ጊዜው አለፈ፣ ሽንቱ አልተዋትም።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት ለአያታችን ተዝካር ስሄድ ነው። ሴቱ ሁሉ ጓዳ ውስጥ ጉድ ጉድ ሲል እታለም የለችም። ስጠይቅ «ታማለች» ብቻ። ከጓሮ፣ ከእህል ጎተራው ጎን ባለች ጎጆ ውስጥ አገኘኋት። መደቡ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል፣ ከላዩ አጎዛ። ግድግዳው ላይ በተወጠረ ገመድ የድሮ ነጠላ በቁመቱ ተቀዶ፣ በልክ በልክ ተጣጥፎ ተሰቅሏል። ታጥበው የደረቁ ናቸው። የምታጥባቸው ጎህ ሳይቀድ፣ ውሃ ቀጂ ወንዝ ሳይወርድ ነው። በሩ አጠገብ በሸክላ አመድ አለ፤ ሽታ ይይዛል ብላ ነው። ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከእኔ ራቅ ብላ መቀመጥ ነው።

ባሏ ጥሏት ሄዷል ብላችሁ ገምታችሁ ይሆናል። ብዙዎቹ ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። የእሷ ግን አልሄደም። ጎጆዋን የቀለሰላት እሱ ነው፤ ውሃም በአህያ ያመጣላታል። ከቤት የወጣችው ራሷ ናት። ቤተ ክርስቲያንም ከደጀ ሰላም አታልፍም ነበር። ማንም አላባረራትም፤ እሷ ናት ራሷን ያባረረችው። ይህን የምነግራችሁ እንዲህ ያለችን ሴት ለመርዳት ስትነሱ የሚበድላትን ሰው ብቻ ፈልጋችሁ እንዳትቆሙ ነው። አንዳንዴ በዳይ የለም። ሰዉ ሁሉ ይወዳታል፣ እሷ ግን ጓሮ ናት።

«ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ ስጠይቃት «ደህና ነኝ» አለች። ጠላ ቀርቦልኝ ነበር፣ «አንቺስ?» ስላት «አልጠጣም፣ ውሃም አልጠጣም» አለች። ለምን ስላት ዝም። ቆየችና «የጠጣሁት ሁሉ ይወርዳል» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ።

የውሃው ነገር ጥሩ መጠየቂያ ነው፣ ከልምዴ ነው የምላችሁ። ሽንት እንዳያመልጣቸው ብለው ውሃ ይተዋሉ። ውሃ ሲያጣ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ገላን እንደ እሳት ያቃጥላል። የሽንት ጠጠርም ያመጣል። ጭኗ ቆስሎ ነበር። ምንም ሌላ ነገር ማድረግ ባትችሉ እንኳ ውሃ እንድትጠጣ ንገሯት። ሽታውም ቁስሉም ይቀንሳል።

ከዚያ ማሳመን መጣ። ከእሷ ይልቅ ቤተሰቡ ከበደኝ። አማቷ ፀበል ይዛት ልትሄድ ስዕለት ገብታለች። እኔ ከፀበል ጋር አልተጣላሁም፣ እናንተም አትጣሉ። «እትዬ፣ ፀበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም የእግዜር ነው። መጀመሪያ እኔ ልውሰዳት፣ ስትመለስ ስዕለቱን አብረን እናገባለን» አልኳቸው። ተስማሙ። ቀጥሎ ገንዘብ መጣ። «በሬ እንሽጥ?» አለ ባሏ። ሕክምናው ነፃ ነው ስለው አላመነኝም። ነፃ የሚባል ነገር ደግሞ በኋላ ብዙ ያስከፍላል ብሎ ያስባል፤ አይፈረድበትም። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥታ «ነፃ ነው፣ አልጋውም ምግቡም» ስትለው ነው ልቡ የተመለሰው። እኔ የከተማ ሰው ነኝ፣ እሷ ግን የሰፈሩን ልጆች የከተበች ናት። እናንተም ስትሄዱ የጤና ኤክስቴንሽኗን መጀመሪያ አግኟት። ስልክ ታውቃለች፣ መንገድ ታውቃለች፣ የሰው ቤት ታውቃለች።

መንገዱ ለብቻው መከራ ነው። እታለም አውቶቡስ ውስጥ ሰው ይጠየፈኛል ብላ ሁለት ጊዜ ከመናኸሪያ ተመልሳ ታውቃለች። እኛ ያደረግነው ይህን ነው፦ ለሁለታችን ሦስት ወንበር ከፈልን፣ መስኮት ጋ አስቀመጥኳት። ከታች ላስቲክ፣ ከላዩ የታጠፈ ፎጣ። የዐዋቂ ዳይፐር ፋርማሲ አለ፣ ግን ውድ ነው፤ ለመንገዱ ብቻ ገዛሁ። ቅያሪ ቀሚስና ጨርቅ፣ ለቆሸሸው የሚቋጠር ፌስታል። ሹፌሩን ከመነሳታችን በፊት ለብቻው ጠርቼ «ታማሚ ይዣለሁ፣ አንድ ቦታ ታቆምልኛለህ» አልኩት። «ችግር የለም እህቴ» አለ። ሁለት ቦታ አቆመልን። ረዳቱ ግን አፍንጫውን ሸፈነ። ሹፌሩ በመስታወት አይቶት «አንተ ልጅ፣ መስኮት ክፈትና ዝም በል» አለው። ይህን ሰውዬ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ያለንበት ጊዜ ይታወቃል።

በባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። ዋናው አዲስ አበባ ነው፣ ሌሎቹ መቐለ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ናቸው። ለምትኖሩበት የሚቀርበውን ጤና ጣቢያው ይነግራችኋል። ሪፈር ወረቀት ካላችሁ ያዙ። አንዳንዶቹ ያለ ምንም ወረቀት መጥተው አይቻለሁ፣ በር ላይ የመለሳቸው የለም።

ግቢው ውስጥ ስንገባ እታለም እጄን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር። አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ጠና ያለች ሴት ወደ እኛ መጣች። እኔ ተጠንቅቄ ማስረዳት ስጀምር አላስጨረሰችኝም። እታለምን አቅፋ ሳመቻት። እርጥብ ቀሚሷን እያየች፣ ሽታው እየሸተታት፣ ጉንጯን በጉንጯ አድርጋ ሳመቻት። «መጣሽ? ደግ አደረግሽ። ነይ እንታጠብ» ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ይዛት ገባች። እኔ የያዝኳት ፌስታል በእጄ ቀረ።

ይህቺ ሴት ሐኪም አይደለችም፣ ነርስም አይደለችም። ረዳት ናት። በኋላ እንደነገረችኝ እሷም ድሮ ታካሚ ሆና ነው የመጣችው። እዚህ ቤት ከታከሙት ሴቶች መካከል ቀርተው የሚያገለግሉ አሉ። አልጋ ያነጥፋሉ፣ ያጥባሉ፣ ኦፕራሲዮን የምትገባዋን እጅ ይዘው ይቆማሉ። «አውቃለሁ» ሲሉ የምር ያውቃሉ። እኔ እታለምን ስንት ጊዜ «አይዞሽ፣ ይድናል» ብያታለሁ። የእኔ አይዞሽ ከአንገት በላይ ባይሆንም ከውጭ ነው። የዚያች ሴት አንድ «እኔም እንዲህ ነበርኩ» ግን የእታለምን ትከሻ ሲያወርደው በዓይኔ አይቻለሁ።

ወዲያው ኦፕራሲዮን አልሆነችም። ከስታ ነበር፣ ደሟም አንሶ ነበር። መጀመሪያ ትብላ፣ ትጠንክር፣ ቁስሏ ይድረቅ አሉ። ስለዚህ ቤት ስትነግሩ «በማግስቱ ትመለሻለሽ» ብላችሁ ቃል እንዳትገቡ። የከብት፣ የአጨዳ፣ የልጅ ነገር ካለ ቀድማችሁ አመቻቹ፤ ሐሳቧ ቤት ቀርቶ ከሆነ ሳትጨርስ ልትወጣ ትነሳለች። ምርመራው ደግሞ እሷ እንደፈራችው አልሆነም። ወደ ሽንት ፊኛዋ ሰማያዊ ቀለም ያስገቡና የት በኩል እንደሚወጣ ያያሉ። ቀዳዳው በዚህ ይታወቃል።

ኦፕራሲዮኑ በአብዛኛው ሆድ አይቀደድበትም። በታች በኩል ነው የሚሰፋው። ማደንዘዣው ከወገብ በታች ነው፤ እታለም ነቅታ ነበር። «ጣሪያውን ሳይ ቆይቼ አለቀ አሉኝ» ነው ያለችኝ። ቀላል አድርጋ ነገረችኝ እንጂ ቀላል እንዳልሆነ ገብቶኛል። የሚሰፋው ቦታ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ሥጋውም ጠባሳ ሆኖ የደረቀ ነው።

ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። እኔን የገረመኝም ይኸው ነው። የሽንት ቱቦ ይገባላቸውና ሁለት ሳምንት አካባቢ ይቆያል። ቱቦው ከአልጋው ሥር ወዳለ ዕቃ ያንጠባጥባል። ያ ቱቦ አንድ ሌሊት ቢደፈን ፊኛው ይሞላና ስፌቱ ይተረተራል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ሰው ይዞራል። ጎንበስ ትልና ታያለች፣ ይንጠባጠባል። ወደ ቀጣዩ አልጋ ትሄዳለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ይንጠባጠባል። አልጋው ደረቅ መሆኑን በእጇ ዳብሳ ታያለች። ሌላዋ ጆግ ይዛ ትዞራለች። «ጠጪ!» «ጠጥቻለሁ» «አላየሁሽም፣ ፊቴ ጠጪ!» ስንት ዓመት ውሃ የፈራች ሴት ብርጭቆ አንስታ ስትጨልጥ ማየት ያስቃል፣ ያስለቅሳልም። እታለም መጀመሪያ ሰሞን በድብቅ ውሃውን ስትደፋ ተይዛ ተቆጥተዋታል። ቁጣው ደስ ይላል። የቤተሰብ ቁጣ ነው።

ስለ ደግ ሰዎች ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ልባቸው ነው። እኔ እዚያ ያየሁት ደግነት ጎንበስ ብሎ የሽንት ዕቃ ማየት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይም እንደዚያው ነው። እንባ የሚያፈስ ሰው አላየሁም፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነው።

ሥራውን የጀመሩት ሁለት አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የተወለዱ ባልና ሚስት ናቸው። ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን። እ.ኤ.አ. በ1959፣ በእኛ 1951 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ትንሽ ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ መጡ። የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ ነው። ውላቸው ሦስት ዓመት ነበር። ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ሲያዩ ግን የሚሄዱበት እግር አጡ። እነሱ ከዚያ በፊት ይህን ሕመም አይተውት አያውቁም ነበር፤ በአገራቸው ጠፍቶ ስለነበር ከመጻሕፍትና ከሌሎች ሐኪሞች እየተማሩ ነው የጀመሩት። አንዷ ድና ስትመለስ ሌሎች ሰምተው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሆነ ሆስፒታል ከፈቱ። ጊዜውን አስቡት፤ ንጉሡ የወረዱበት ዓመት ነው። ደርግ መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ረሃብ መጣ፣ እነሱ አልሄዱም። ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 አረፉ። ዶክተር ካትሪን ቀጠሉ። እስከ እርጅናቸው ድረስ ኦፕራሲዮን ይሠሩ ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ ካለች ቤታቸው መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። በእነዚህ ዓመታት በሆስፒታሉና በቅርንጫፎቹ የታከሙት ሴቶች ከ60 ሺህ በላይ ናቸው።

ግን እኔን ከእሳቸውም በላይ የምትገርመኝ ማሚቱ ጋሼ ናት። እሷ ራሷ ፊስቱላ ይዟት የመጣች የገጠር ልጅ ናት። ገና ጎረምሲት ሳለች ለቀናት አምጣ፣ ልጇ ሞቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው ወደ ሐምሊኖች የደረሰችው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ሕመሟ በአንዴ አልዳነም፣ ስለዚህ ቀረች። አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ከዚያ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል። ስታይ፣ ስታይ፣ ዶክተር ሬጅናልድ እጇን ይዘው መስፋት አስተማሯት። በመጨረሻ ራሷ ኦፕራሲዮን የምትሠራ ሆነች። ዲግሪ ያላቸው ሐኪሞች፣ ከውጭም ጭምር፣ ከእሷ እጅ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። ይህን ለእታለም ስነግራት «ፊደል ሳትቆጥር?» አለችኝ። ፊደል ሳትቆጥር። (በኋላ ማንበብ ተምራለች።) ለአንድ ሙሉ ቀን ሌላ ወሬ አላወራችም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ በእኛ በራሳችን ላይ። ደግ ሰው ስናይ «እንደ እሷ ያለውን ያብዛልን» ብለን እናልፋለን። ይብዛልን ስንል ሌላ ሰው ይሁንልን ማለታችን ነው። አውስትራሊያዊቷ እዚህ 61 ዓመት ኖረው የሚጠግኑት ቀዳዳ፣ መነሻው እኛ ቀዬ ነው። ልጅቷን ዳሌዋ ሳይጠነክር የሚድራት፣ ምጧን «ይቆያል» እያለ የሚጠብቃት፣ መንገዱን የማይጠርገው እኛው ነን። ሐምሊኖችም ይህ ስለገባቸው ይመስለኛል እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው። ከገጠር የመጡ ልጆች ተምረው ወደ ገጠር ይመለሳሉ። ጥሩ አዋላጅ ያለችበት ወረዳ ፊስቱላ ሐኪም አያስፈልገውም።

ሁሉም ይድናል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። አብዛኛዎቹ ቀዳዳቸው ይገጥማል። የአንዳንዶቹ ጉዳት ግን ከባድ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሠሩ አሉ። ቀዳዳው ገጥሞ ሲያስሉ ወይም ሲነሱ ሽንት የሚያመልጣቸውም አሉ። ከእታለም አልጋ ቀጥሎ የነበረችው ምጡ የእግሯን ነርቭ ጎድቶት እግሯን ትጎትት ነበር፤ በየቀኑ እንቅስቃሴ ያሠሯታል። ጉዳታቸው ለማይጠገን ሴቶች ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የሚባል ማገገሚያ ቦታ አለ። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችኋት፣ አንድ ቀን አልጋዋ ረጥቦ ስትነሳ ሰማይ ይደፋባታል።

የእታለም ቱቦ የወጣ ቀን እዚያው ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ድረስ እየተነሳች ቀሚሷን በኋላ በኩል ስትዳብስ ነበር። ደረቅ ነው። እንደገና ትዳብሳለች። ማታ ላይ ረዳቷ «በቃ ተይው፣ ልብሱ ሊያልቅ ነው» ብላ አሳቀቻት። ስትወጣ አዲስ ቀሚስ ተሰጣት። ለመሳፈሪያም ጨመሩላት።

ከወጣች በኋላ ያለውን ካልያዛችሁ ሁሉም ከንቱ ነው። ሐኪሞቹ ቢያንስ ለሦስት ወር ከባሏ ጋር እንዳትገናኝ፣ ከባድ እንዳትሸከም፣ ውሃ እንዳትተው ነግረዋታል። ይህን ለሚስቲቱ ብቻ መንገር ዋጋ የለውም። ባልየውን አስቀምጣችሁ ንገሩት፤ እኔ አጎቴ እንዲነግሩት ነው ያደረግሁት፣ ወንድ ለወንድ ይቀላል። ሌላው ነገር ቀጣዩ ወሊድ ነው። መውለድ ትችላለች። ግን ቤት አይደለም፣ ጤና ጣቢያም አይደለም፣ በኦፕራሲዮን የሚያዋልድ ሆስፒታል ነው። ከእርግዝናዋ መጀመሪያ ጀምራ ክትትል ትያዝ። ቀኗ ሲቀርብ ምጥ ሳይመጣባት በእናቶች ማቆያ ትግባ። ማቆያ በብዙ ሆስፒታል አጠገብ አለ፤ እንደ ቤት አብስላችሁ የምትቀመጡበት ቦታ ነው። የታከመችበትን ወረቀት እንዳትጥለው። እታለም በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር አስቀምጣዋለች።

«እኔ ምን ላድርግ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ገንዘብ መስጠት ጥሩ ነው፣ ስጡ። ግን እኔ እንዳየሁት ሴቶቹን የሚያስቀረው የሕክምናው ዋጋ አይደለም። መንገዱ ነው፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ማጣት ነው፣ ከተማ ገብቶ የሚያድሩበት ማጣት ነው። ከተማ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ማደሪያ ፍራሽ ብዙ ዋጋ አለው። ሹፌር ከሆናችሁ ቆም በሉላቸው። አስተማሪ ከሆናችሁ ከክፍል የጠፋችውን ልጅ ጠይቁ፤ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ ይከለክላል፣ ሕጉን የሚያስታውስ ሰው ነው የሚያንሰው።

እታለም አሁን ቤቷ ናት። ጎጆዋን ዶሮ ይዞታል። ስዕለቱንም ከአማቷ ጋር አግብተናል፤ ዣንጥላ ነበር፣ ዋጋውን ለሁለት ተካፈልን።

ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት አግኝታለች። ሦስት ልጅ የወለደች፣ በአራተኛው የሆነባት። «ስንት ዓመቷ ነው እንዲህ ከሆነች?» ስላት «አልቆጠረችውም» አለች። ባሏ ይሸኛት ወይስ እኔ ልምጣ ብላ ነው የጠየቀችኝ። አንቺ ነይ አልኳት። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ባጃጅ አይገኝም፣ እሑድ ተነስተው ማታ እኔ ጋ ያድራሉ፣ ሰኞ በጠዋት እንሄዳለን። አሁን ጎረቤት ፍራሽ ልዋስ እየወጣሁ ነው።